በሪባን ስለተዘጋው የእናቶች ማረፊያ

ለተከበሩ የከተማችን የዕቅድና በጀት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ልጄ የሞተችው እርስዎ በሪባን ያስዘጉት በር ስላልተከፈተላት ነው።

ይህን ከሰላምታ ማስቀደሜ እንደ ስድነት አይቆጠርብኝ። ሥራ የሚበዛበት ሰው ከደብዳቤ የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ አይቶ ለበታቹ እንደሚመራ ስለማውቅ፣ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህችን አንዷን በገዛ ዓይንዎ እንዲያዩልኝ ፈልጌ ነው። የቀረውን ጊዜ ሲያገኙ ያነቡታል፤ ባያገኙም ደብዳቤው ለሕዝብ ግልጽ ስለሆነ ያነበበ ሰው ይነግርዎታል።

እንግዲህ ወደ ወጉ ልመለስ። ለመሆኑ እንዴት ሰነበቱ? በምረቃው ዕለት ረጅም ሰዓት ቆመው ንግግር ስላደረጉ ወገብዎን እንዳመመዎ ሰምቼ አዝኛለሁ። አሁንስ ተሻለዎ? ባለቤትዎ ደኅና ናቸው? ልጆችዎ፣ ይልቁንም ሴቶቹ ልጆችዎ፣ ደኅና ናቸው? ክፉ አይንካቸው። ይህን በሽሙጥ አልጻፍኩትም፤ የልጅን ክፉ ለማንም አልመኝም፣ ለእርስዎም ቢሆን።

እኔ ከከተማው በላይ፣ ድንጋይ ከሚፈለጥበት ሰፈር የምኖር ድንጋይ ጠራቢ ነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት በሰው መቃብር ላይ ስም ስቀርጽ ነው። በድንጋይ ላይ የተሳሳተ ፊደል ስለማይፋቅ የምጽፈውን አስቀድሜ አስባለሁ፤ ከጻፍኩም በኋላ አልመልሰውም። የሰፈሩ ሰው በዚህ ጠባዬ «አይነቃነቄ» ይለኛል። ቅሬታዎቼንም በተራ ቁጥር አስቀምጫለሁ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ያለ ቁጥር የመጣ ሐዘን የት እንደሚመዘገብ እንዳይቸገር ብዬ ነው።

አንደኛ። አስቀድሜ ማመስገን የሚገባኝ ስለ ስብሰባው ነው። ባለፈው ዓመት ሴቶችን ሁሉ ወደ አዳራሽ ጠርተው፣ ከእንግዲህ የከተማው በጀት «ሥርዓተ ጾታን ያገናዘበ» እንደሚሆን አበሠሩ። ነገሩን ልጄ ስታስረዳኝ፣ የሕዝብ ገንዘብ ሲመደብ «ይህ ነገር ለሴቷ ምን ያደርግላታል?» ተብሎ ይጠየቃል ማለት ነው አለችኝ። እኔ ቀጥ ያለውን ነገር ጠማማ ነው አልልም፤ ሐሳቡ ቀጥ ያለ ነበር። የሚስቴ ወገብ የጎበጠው ሴት ስለሆነች አይደለም፤ ውሃው ስለራቀ ነው። ውሃውን ማቅረብ ደግሞ የበጀት ሥራ ነው።

ልጄ ልብስ ሰፊ ነበረች። ከስፌት መኪናዋ ተነሥታ፣ ሜትሩን ከአንገቷ ሳታወርድ ወደ አዳራሹ ሄደች፤ ሁሉም ስለ ሥልጠናና ስለ ብድር ሲናገር እሷ እጇን አወጣች። የተናገረችውን እርስዎ ሳይረሱት አይቀሩምና ልድገምልዎ፦

«ክቡር ኃላፊ፣ ምጥ ቀጠሮ አይሰጥም። ከኛ ሰፈር ወርደን ሐኪም ቤት እስክንደርስ ልጁ ይቀድመናል። ቀናችን ሲቃረብ እዚያው ሐኪም ቤቱ አጠገብ የምናርፍበት ቤት ሥሩልን።»

አዳራሹ አጨበጨበ። እርስዎም «እኅታችን ለበጀታችን ነፍስ ዘራችበት» አሉ። ማታ እቤት መጥታ የእርስዎን ሱሪ ወደ ላይ መሳብና ጉሮሮ መጥረግ ሳይቀር እየቀዳች አሳየችን፤ እናቷ ስትስቅ የያዘችው ብርጭቆ ከእጇ ወደቀ። እኔ «ሲሠራ ስናይ እናጨበጭባለን» አልኳት። «አባባ፣ አንተ ሲፈርስ እንጂ ሲሠራ አምነህ አታውቅም» አለችኝ። አልተቀየምኳትም፤ እውነቷን ነው።

ሁለተኛ። ቤቱ ተሠራ። እንዲያውም ጥሩ ተደርጎ ተሠራ። የመሠረቱ ድንጋይ ከኛ ሰፈር የሄደ ስለሆነ ወርጄ አየሁት፤ ነቀፌታ ፍለጋ ግድግዳውን በመዶሻ ጀርባ እያንኳኳሁ ዞርኩ፤ አላገኘሁም፤ ሳላገኝ በመመለሴም ተናደድኩ። ስለዚህ ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ክፉ ቤት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የማማርርበት ነገር በቀለለኝ።

መመሪያዎ የመጋረጃውና የአንሶላው ሥራ ከሴቶች ማኅበር ይገዛ ስለሚል ሥራው ለልጄ ማኅበር ደረሰ። በዚያን ጊዜ እሷ ራሷ እርጉዝ ነበረች። ሆዷ እየገፋ ሲመጣ ወደ ስፌት መኪናው መጠጋት ስላቃታት ክንዷን ዘርግታ ከሩቅ ትሰፋ ነበር። ባሏ ዕረፊ ሲላት፣ ሰው የሚተኛበትን አንሶላ ራሱ ሲሰፋ እንቅልፉ ይጣፍጠዋል እያለች ትመልስለት ነበር። ከመጋረጃው ቁራጭ ለሚወለደው ልጅ ቆብ አወጣችለት። ቁራጩ የመንግሥት ንብረት ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ልመልሰው ግን አልችልም፤ የተወለደችው ልጅ አድርጋዋለች።

ሦስተኛ። በከተማችን ስለጸናው የሪባን ሃይማኖት ነው። እርስዎ ከመሾምዎ በፊትም የነበረ ስለሆነ ጥፋቱን ሁሉ በእርስዎ ላይ አልጭንም። እኛ ዘንድ ሪባን ያልተቆረጠለት ነገር ተሠርቷል አይባልም። የታችኛው ድልድይ አልቆ፣ ሪባን ተወጥሮበት፣ ሰዉ ሱሪውን ሰብስቦ ከድልድዩ ሥር በውሃ ሲሻገር ከርሟል። የገበያው መጸዳጃ ቤት በሪባን ታስሮ እንግዳ ሲጠብቅ፣ ነጋዴው ሁሉ ከጀርባው ባለው ግንብ ሥር ጉዳዩን ሲፈጽም ነበር። በዚህ ሁሉ ስቀናል። ሰው ሱሪው ቢረጥብ ይደርቃል ብለን ነው የሳቅነው።

የእናቶች ማረፊያውም የገና በዓል ሳይደርስ አለቀ። አልጋው ገባ፣ አንሶላው ተነጠፈ፣ መብራቱ በራ፣ ዘበኛ ተቀጠረለት። ከዚያም በሩ ላይ ቀይ ሪባን ተወጠረ። ሊመርቁት የሚመጡት ትልቅ እንግዳ ቀን አልተመቻቸውም ነበር። ሲመቻቸው ደግሞ፣ ቤቱ የሴቶች ጉዳይ ስለሆነ ከሴቶች ቀን ጋር ቢመረቅ ይደምቃል የሚል ሐሳብ መጣ አሉ። ሐሳቡ የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሲደምቅ ግን ሰምቻለሁ፤ የድምፅ ማጉያው እኛ ሰፈር ድረስ ይሰማ ነበር።

አራተኛ። እዚህ ላይ ቀስ ብለው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

ልጄ ቀኗ ሲቃረብ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ፣ እናቷን አስከትላ ወረደች። በመጀመሪያ ሐኪም ቤት ገቡ። ምጥ ላልጀመራት ሴት አልጋ እንደማይሰጥ፣ ያ ቤትም የተሠራው ለዚሁ እንደሆነ ነግረው በመስኮት በጣታቸው አሳዩአቸው። ወደዚያ ተሻገሩ። ዘበኛው ከወንበሩ ተነሥቶ በትሕትና ተቀበላቸው።

«እኅቴ፣ ሪባኑ ገና አልተቆረጠም» አላት።

እሷም ከቦርሳዋ መቀሷን አወጣች። «ለሱማ እኔ አለሁልህ፤ ስቆርጥ አይደል የምውለው» አለችው።

ዘበኛው ሳቀ፤ እናቷም ሳቀች። እሱ ግን የታዘዘ ሰው ነውና ወደ እርስዎ ቢሮ ደወለ። ቢሮዎ ደነገጠ ቢሉኝ በተጽናናሁ፤ ቢሮዎ ግን ደስ አለው። ለካ ለምረቃው ቀን አልጋው ላይ የምትታይ እርጉዝ ሴት ስትፈለግ ኖሯል። ስለዚህ መልሱ እንዲህ ሆኖ መጣ፦ አሁን ትመለስ፤ ለምረቃው ሳምንት ትምጣ፤ የመጀመሪያዋ ተጠቃሚ እሷ ትሆናለች፤ ፎቶ ስለምትነሣም ነጣ ያለ ልብስ ብትለብስ መልካም ነው።

የልጄ ሆድ ግን የእንግዳውን ፕሮግራም አያውቅም።

ከመመለሷ በፊት ፊቷን መስኮቱ ላይ ለጥፋ ወደ ውስጥ አየች። ከመጋረጃዎቹ አንዱ ውስጡ ወደ ውጭ ተገልብጦ ተሰቅሎ ስለነበር፣ ቤቱ ሲከፈት እንዲያዞረው ለዘበኛው አደራ ሰጥታው ወጣች። ዳገቱን ስትወጣ እየቆመች ነበር የወጣችው። እቤት ገብታ የሆነውን ስትነግረኝ መዶሻዬን አንሥቼ ልወርድ ስነሣ እጄን ያዘችኝ። «አባባ፣ ለአንድ ሪባን መዶሻ ይያዛል? ትንሽ ቀን ነው የቀረው፤ ይልቅ ነጭ ልብስ ከየት አባቴ አመጣለሁ?» ብላ ቀለደች። ሰው አክባሪ ነበረች፤ እናንተንም ጭምር።

አምስተኛ። የበልጉ ዝናብ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። መንገዱ ግን ዝናብ በጣለ ቁጥር እንደሚቆረጥ በስብሰባው ላይ ተነግሮዎታል፤ የተናገረችውም እሷ ናት።

ምጧ ማልዶ መጣ። አንቡላንስ ጠራን፤ ከአስፋልቱ ጫፍ በላይ መውጣት እንደማይችል ነገሩን፤ አልዋሹም፤ ጭቃው ጉልበት ይውጣል። የቤቴን በር ነቅዬ እሷን በሱ ላይ አስተኛናት። በር ለመክፈት የሚቸገር እንዳለ ሁሉ በር መንቀል የማይከብደው አባት አለ። ባሏና የድንጋይ ሥራ ጓደኞቼ ተሸከሙ፤ እኔ ከራስጌዋ ሆኜ በጃኬቴ ዝናቡን ከፊቷ እከላክል ነበር። ከመንገዱ ኩርባ ላይ ስንደርስ ተሸካሚዎቹ አሳረፏት። እዚያው ወለደች። እናቷ የራስ ሻሿን ፈትታ ሕፃኗን ጠቀለለቻት። ሴት ናት አለች። ሕፃኗ አለቀሰች፤ ሁላችንም ጮክ ብለን እግዜርን አመሰገንን። ደሙ ግን አልቆመም።

ከዚያ ኩርባ ከተማው ቁልቁል ይታያል። ልጄ ዓይኗን ሳትገልጥ «አባባ፣ ይታያል?» አለችኝ።

ምኑን እንደምትለኝ ገብቶኛል። የቤቱ አዲስ ቆርቆሮ ዝናብ አጥቦት ያብረቀርቅ ነበር።

«ይታያል» አልኳት።

አልዋሸኋትም፤ ይታይ ነበር። አስፋልቱ ሳንደርስ ዐረፈች።

ስድስተኛ። ለቅሶ ላይ ስለላኩት የአበባ ጉንጉን አመሰግናለሁ። እሱም በቀይ ሪባን የታሰረ ነበር።

ዘበኛውም መጥቶ ነበር። ሰው መሃል ገብቶ ለመቀመጥ ፈርቶ ደጅ ቆመ፤ እኔ ራሴ ወጥቼ አስገባሁት። «አባቴ፣ ባውቅ ኖሮ በጥርሴ በበጠስኩት» እያለ አለቀሰ። በሱ አላዘንኩም። ሪባን የሚበጥስ ዘበኛ እንጀራውን እንደሚበጥስ አውቃለሁ። ሪባን ሳይቆረጥ በር የሚያስከፍት ሥልጣን ግን በከተማው ውስጥ ለአንድ ሰው ተሰጥቷል፤ ያም ሰው ይህን ደብዳቤ እያነበበ ነው።

ምረቃው በተባለበት ቀን ተከናወነ። ከዚያ በፊት ከቢሮዎ ሁለት ጨዋ ሰዎች መጥተው፣ ሕፃኗን ለአንድ አፍታ ብናመጣት እንግዳው አቅፈዋት ፎቶ እንደሚነሡ፣ ይህም ለቤተሰቡ መጽናኛ እንደሚሆን በአክብሮት ነገሩን። አማቼ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ከተቀመጠበት ሳይነሣ የተኛች ልጅ አይቀሰቀስም ብሎ መለሰላቸው።

ፎቶውን ግን አይቻለሁ፤ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ የሰፈሩ ባለሱቅ አሳየኝ። እርስዎ ፈገግ ብለዋል፤ እንግዳው መቀስ ይዘዋል። ከኋላዎ መጋረጃው አሁንም እንደተገለበጠ ነው።

ሰባተኛ። ዋናው ወደ እርስዎ ለመጻፍ ያስገደደኝ ይህ ነው። የከተማው ካቢኔ ተሰብስቦ ቤቱ በልጄ ስም እንዲጠራ ወሰነ። ለዚህም የተወለወለ ነጭ እብነ በረድ ገዝቶ፣ በከተማው ከኔ የተሻለ ቀራጭ የለም በሚል ምስጋና ጭምር፣ ስሟን እንድቀርጽበት ወደ ቤቴ ላከ። ድንጋዩ እንዳይሰበር በጥንቃቄ፣ በሳር ተሸፍኖ፣ በጭነት መኪና መጣ።

ክቡር ኃላፊ፣ መኪናው እስከ ደጄ ወጣ።

ከመኪናው በፊት ግሬደር ተልኮ መንገዱን ደልድሎት ኖሯል። ያ ኩርባ ተስተካክሏል፤ የተቆረጠው ቦይ ተሞልቷል። ሾፌሩ ሲወርድ ሚስቴ ከቤት ወጥታ መኪናውን አየችው። ዞራ ጎማውን ነካችው፤ በእጇ። ከዚያ ተመልሳ ገባች። ሚስቴ በለቅሶው ሁሉ ላይ ያልተሰበረች ብርቱ ሴት ናት፤ የዚያን ዕለት ግን ተኝታ አልተነሣችም። እኔ ብዙ ዘመን ከድንጋይ ጋር ኖሬአለሁ፤ ድንጋይ ከሰው በላይ ሲከበር ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

እንግዲህ መልሴን ልስጥ። ስሟን አልቀርጽም። ሌላ ሰውም እንዲቀርጸው አልፈቅድም። ስሟ የተጻፈበት ድንጋይ አንድ አለ፤ የቀረጽኩትም እኔ ነኝ፤ ሁለተኛ አይኖረውም። ቤቱን በፈለጉት ስም ይጥሩት፤ በእንግዳው ስም ቢጠሩት ደግሞ ሁላችንም ማን እንደተጠበቀ እናስታውስበታለን።

ቤቱን ግን አልረግምም። የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ ሚስት አሁን እዚያ ተኝታለች፤ በሰላም ትገላገል። ከኛ ሰፈርም ሌላዋ ልትወርድ ጨርቋን እያጣጠበች ነው። ልጄ የጠየቀችው ይህንኑ ነበርና ጥያቄዋ ተመልሷል። በጀቱም ቢሆን ጉድለት አልነበረበትም፦ ለግድግዳው ተመድቧል፣ ለአልጋው ተመድቧል፣ ለዘበኛው ተመድቧል፣ ለድምፅ ማጉያውም ተመድቧል። ገንዘቡን ሁሉ ለሴት መደባችሁ፤ ቀኑን ግን ለእንግዳ መደባችሁት። ልጄ ያጣችው ደግሞ ገንዘብ አልነበረም።

በሚቀጥለው ዓመት በጀት ስትይዙ ይህን አንድ ነገር እለምናለሁ፤ ልመና ደግሞ አልለመድኩም። ለሴት የተሠራ ቤት መከፈቻው ቀን ቤቱ ያለቀበት ቀን ይሁን። እንግዳው ሲመቻቸው ይምጡ፤ የተኙትን ሴቶች ጠይቀው፣ ሻይ ጠጥተው ይመለሱ። የሚቆርጡት ነገር ካስፈለጋቸው አንድ ሜትር ጨርቅ እኔ እገዛላቸዋለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ለሴቶች እኩልነት የጀመሩት ትግል እንዲሰምርልዎ፣ የሚቀጥለው ሹመትዎም ከዚህ ከፍ ያለና ከእርጉዝ ሴቶች ራቅ ያለ እንዲሆንልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ በፊትዎ ዝቅ ብዬ ሳይሆን ቆሜ እሰናበትዎታለሁ።

ከማይገባዎ አክብሮት ጋር፣
የመጀመሪያዋ ተጠቃሚዎ አባት

ማስታወሻ፦ እብነ በረዱ ከደጄ ቆሟል፤ አልነካሁትም። የሚወስደው መኪና በፈለጉት ጊዜ ሊመጣ ይችላል፤ መንገዱ እንደሆነ ተሠርቷል።

ልጅቷ ደኅና ናት፤ ጡጦ ትጠባለች፤ ሳቅ ጀምራለች። አድጋ አንድ ቀን እናቷ እንዴት እንደሞተች መጠየቋ አይቀርም። ያን ጊዜ ወደ እርስዎ ቢሮ እልካታለሁና የሥራ ሰዓታችሁን በሩ ላይ ለጥፉልን፤ እስከዚያ ጡረታ ከወጡም የቤትዎን አድራሻ ይተዉላት። እኔ ያለኝን አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ። ጋዜጠኛ ቢመጣ፣ አጣሪ ኮሚቴ ቢላክ፣ እርስዎ ራስዎ ዳገቱን ወጥተው ደጄ ቢቆሙ፣ ወንበር እሰጥዎታለሁ እንጂ ስለዚህ ነገር ከዛሬ በኋላ ለማንም አንዲት ቃል አልናገርም።